ከያኪማ ሸለቆ፦ ምሬቱ ከእሳት፣ መዓዛው ከቅዝቃዜ

ያኪማ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሆፕ መከር ወቅት

ይድረስ ለተከበሩ እናት፣ ለእትዬና ለመላው ቤተሰብ፤

ይህ ደብዳቤ የሚናገረው ሆፕ ስለተባለው ተክልና ተክሉ በቤት ለሚጠመቅ ቢራ የብርቱካንና የግሬፕፍሩት መዓዛ ስለሚሰጥበት መንገድ ሲሆን፣ በውስጡ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ሆፕ በቢራ ውስጥ የያዘው ቦታ ጌሾ በጠላ ውስጥ የያዘው ቦታ ነው፤ መጠጡን ያመራል፣ ቶሎ ከመበላሸትም ይጠብቀዋል። በዘር ግን ሁለቱ አይዛመዱም። ጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ የሚፈለግ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ሆፕ በየዓመቱ ደርቆ በጸደይ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ሐረግ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ተክል ላይ ስለሚበቅሉም ጠማቂ የሚፈልገው በሴቴው ላይ የሚያብበውን፣ ቅጠል በቅጠል የተደራረበበትን አረንጓዴ አበባ ብቻ ነው።

ከሲያትል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ካስኬድ የተባለውን የተራራ ሰንሰለት በስኖኳልሚ መተላለፊያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 920 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያቋርጣል። ከተራራው በስተምዕራብ ያለው አገር ጥቅጥቅ ባለ የጥድ ደን የተሸፈነና ዝናቡ የማያቋርጥ ሲሆን፣ ደመናው ውሃውን ተራራው ላይ አራግፎ ስለሚያልፍ በስተምሥራቅ ያለው ምድር ደረቅና ግራጫ ቁጥቋጦ የሞላበት ነው፤ በያኪማ ከተማ በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሸለቆው የሚለመልመው ከተራራው በረዶ እየቀለጠ በሚወርደውና ከያኪማ ወንዝ በመስኖ ቦይ በሚጠለፈው ውሃ ነው። የሆፕ ቅጠል በእርጥበት ጊዜ በሻጋታ በሽታ ስለሚጠቃ፣ ከሥር በመስኖ ጠጥቶ ከላይ ደረቅ አየር የሚያገኝበት እንዲህ ያለ ስፍራ ይስማማዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የሆፕ እርሻ የገነነው ከተራራው ማዶ፣ በፑያለፕ ሸለቆ ነበር፤ በዚያ እዝራ ሚከር የተባለ ሰው በሆፕ ንግድ ከበለጸገ በኋላ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ክሽክሽ የተባለው ነፍሳት እርሻውን ወርሮ ሀብቱን አሳጥቶታል። ዛሬ አሜሪካ ከምታመርተው ሆፕ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በዋሽንግተን ግዛት፣ በተለይም በዚሁ በያኪማ ሸለቆ የሚበቅል ነው።

እርሻው ከሩቅ ሲታይ የእንጨት ምሰሶ ደን ይመስላል። ምሰሶዎቹ ከአምስት ሜትር በላይ ቁመት አላቸው፤ በራሳቸው ላይ ሽቦ ተዘርግቶ፣ ከሽቦው ወደ መሬት ገመድ ተንጠልጥሎ፣ ሐረጉ በገመዱ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ማብቂያ ሐረጉ ከነገመዱ ተቆርጦ በጭነት መኪና ወደ መልቀሚያ ማሽን ይወሰዳል፤ ማሽኑ አበባውን ከቅጠልና ከግንዱ ለይቶ ወደ ማድረቂያ ቤት ይልከዋል፤ በዚያም ከክብደቱ ከአምስት እጅ አራት ያህሉ ውሃ የነበረው አበባ በሞቃት አየር ደርቆ እርጥበቱ ወደ አሥር በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ 90 ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝን ነዶ ይታሸጋል። በመከሩ ሰሞን ማሽኖቹ ሌት ተቀን አይቆሙም፤ የመንደሩ አየርም በሙሉ የሆፕ ሽታ ነው። አበባው ለሁለት ተሰንጥቆ ሲታይ በቅጠሎቹ ግርጌ ሉፑሊን የሚባል ቢጫ ዱቄት ይገኛል፤ ጠማቂዎች ገንዘብ የሚከፍሉት ለዚህ ዱቄት ሲሆን፣ የቀረው የአበባው አካል ከተሸካሚነት ብዙም የሚያልፍ አይደለም።

በሉፑሊን ውስጥ ጠባያቸው ፈጽሞ የሚለያይ ሁለት ነገሮች አብረው ይኖራሉ። አንደኛው አልፋ አሲድ የሚባለው ሙጫ መሰል ንጥረ ነገር ነው፤ እንዳለ በውሃ ውስጥ እምብዛም ባይሟሟም፣ ሆፑ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲፈላ ቅርጹን ለውጦ ይሟሟል፣ የቢራ ምሬት የሚባለውም ይኸው የተለወጠው አሲድ ነው። ሁለተኛው ዘይቱ ነው፤ ማይርሲን፣ ሊናሎልና ጄራኒዮል የተባሉት ውሕዶች የሚገኙበት ይህ ዘይት የአበባ፣ የሎሚ ልጣጭና የብርቱካን መዓዛ ይሰጣል፤ ነገር ግን እሳት ሲነካው በእንፋሎት ተሳፍሮ ከድስቱ ይወጣል። ስለዚህ ምሬት የሚሻ ሰው ሆፑን ማፍላት ይኖርበታል፤ መዓዛ የሚሻ ሰው ግን ከእሳት ሊያርቀው ይገባል፤ ሁለቱንም የሚሻ ሰው ደግሞ አንዱን ተክል በሁለት የተለያየ ጊዜ ከመጨመር በቀር ምርጫ የለውም። ጤና አዳም ከጀበናው ጋር ሳይፈላ በተቀዳ ቡና ላይ ጣል የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጤና አዳም ራሱ ከሎሚና ከብርቱካን ጋር በአንድ የተክል ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ መሆኑንም በዚህ አጋጣሚ መጥቀስ አይከፋም። ሆፕ ግን ከዚያ ቤተሰብ አይደለም፤ ከሎሚ ጋር የሚያገናኘው የዘይቱ ስሪት ብቻ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ በሚነገርለት ቢራ ውስጥም አንዲት የብርቱካን ጠብታ አትገባም።

መዓዛውን ለማትረፍ ሆፑን መፍላት ባለቀበትና መብላላቱ ባበቃ ወይም ሊያበቃ በተቃረበ ቀዝቃዛ ቢራ ውስጥ መዘፍዘፍ ድራይ ሆፒንግ ይባላል። ልማዱ አዲስ አይደለም፤ የእንግሊዝ ጠማቂዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቢራ በሞላ በርሜል ውስጥ ጭብጥ ሆፕ ይጨምሩ ነበር። በአሜሪካ መልኩን የለወጠው ካስኬድ የተባለ የሆፕ ዝርያ ነው። ይህ ዝርያ ፈግል የተባለው የእንግሊዝ ሆፕና ሴሬብሪያንካ የተባለው የሩሲያ ሆፕ በዘር ሐረጉ ያሉበት ሲሆን፣ በኦሪገን ግዛት በመንግሥት የግብርና ተመራማሪዎች በ1956 ከተሰበሰበ ዘር ተዳቅሎ በ1972 ለገበሬዎች ተሰራጨ። በ1975 የሳን ፍራንሲስኮው አንከር ጠመቃ ሊበርቲ ኤል የተባለውን ቢራ በካስኬድ ዘፍዝፎ አቀረበ፤ ቀድሞ በካሊፎርኒያዋ ቺኮ ከተማ የቤት ጠመቃ ዕቃ ይሸጥ የነበረው ኬን ግሮስማንም ከባልንጀራው ጋር ባቋቋመው ሲዬራ ኔቫዳ ጠመቃ በ1980 በካስኬድ የሚታወቀውን ፔል ኤል መጥመቅ ጀመረ። ኤል ማለት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለ ሙቀት በሚሠራ እርሾ የሚብላላ ቢራ ሲሆን፣ ፔል መባሉ ብቅሉ በዝግታ ደርቆ ሳይጠቁር በመቅረቱ ነው።

የቤት ጠመቃ ራሱ በአሜሪካ ለረጅም ዘመን የተከለከለ ነበር ማለት ለጠላ አገር ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ከ1920 እስከ 1933 የጸናው የአልኮል ክልከላ ሲነሣ፣ በቤት ወይን መጥመቅ ሲፈቀድ ቢራ ግን ተዘንግቶ ቀረ፤ ይህም እስከ 1978 ቆይቶ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በፈረሙት ሕግ ተስተካከለ። ሕጉ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ለሚኖሩበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ገደማ ይፈቅዳል፤ መሸጥን ግን አይፈቅድም። ክልከላውን በየግዛታቸው ሕግ እስከ 2013 ያቆዩት አላባማና ሚሲሲፒ ናቸው። ጠላ ጠምቆ በደጅ ጣሳ ሰቅሎ መሸጥ የቤተሰብ መተዳደሪያ ከሆነበት አገር ለሚመጣ ሰው፣ ይህ ሕግ የቱን ያህል ለጋስ፣ የቱን ያህል ንፉግ እንደ ሆነ መፍረድ ቀላል አይደለም።

የቤት ጠማቂው የተለመደ መጠን 19 ሊትር ነው። ለዚህ መጠን 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነጣ ያለ የገብስ ብቅልና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ካራሜል ብቅል ይፈጫል፤ ዱቄት እስኪሆን ሳይሆን እንደ ክክ እስኪሰነጠቅ ብቻ። የተፈጨው ብቅል በ66 ወይም በ67 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ለአንድ ሰዓት ሲዘፈዘፍ፣ በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች፣ ማለትም የምግብ ንጥረ ነገርን የሚፈረፍሩ ፕሮቲኖች፣ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ከዚህ የሚጠለለው ጣፋጭ ፈሳሽ ዎርት ይባላል፤ ለአንድ ሰዓት ይፈላል፣ የምሬቱ ሆፕ በመጀመሪያ፣ ጥቂት የመዓዛ ሆፕ ደግሞ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ይገባል፣ ከዚያ በፍጥነት ቀዝቅዞ እርሾ ይጨመርበታል። ከዚህ በኋላ ቢራውን የሚነካ ዕቃ ሁሉ በማጽጃ አሲድ መታጠብ አለበት፤ ጋኑን በግራዋ አጥቦ በወይራ ያጠነ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

ዋናው ጥበብ ያለው ከዚህ ወዲያ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ይመስላል። እርሾው በጉልበት በሚሠራባቸው የመጀመሪያ ቀናት ሆፕ ቢጨመር፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መዓዛውን ይዞ ይሄዳል፤ የሚዘቅጠው እርሾም ከዘይቱ ከፊሉን በገላው ላይ ለጥፎ ይወርዳል። በሌላ በኩል እርሾ ጄራኒዮልን ወደ ሲትሮኔሎል፣ ማለትም ሎሚ ሎሚ ወደሚለው ውሕድ ስለሚለውጥ፣ ቀድሞ መጨመርን የሚደግፉ ጠማቂዎችም አሉ። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ የሚያዘነብለው መብላላቱ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ወደ መጨመር ነው፤ ጋዙ ገና ጨርሶ ስላልቆመ ክዳኑ ሲከፈት የሚገባውን አየር ገፍቶ ያስወጣል፣ እርሾውም በአብዛኛው ዘቅጧል። አየር የዚህ ቢራ ቀንደኛ ጠላት ነው፤ ኦክስጅን የገባበት ቢራ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ብርቱካኑም ቀርቶ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል።

ስለ መጠኑ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ጥናት ለስስታሙም ለአባካኙም የሚጠቅም ነው። በአንድ ሊትር ከስምንት ግራም በላይ ካስኬድ ሲዘፈዘፍ መዓዛው በዚያው ልክ አያድግም፤ ጠባዩም ከሎሚነት ወደ ሻይ ቅጠልነት ያዘነብላል። ለቤት ጠማቂ በሊትር አራት ግራም፣ ለ19 ሊትርም 75 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ግማሹ ካስኬድ፣ ግማሹ ሲትራ የተባለው መዓዛው የጠነከረ ዝርያ ቢሆን ይስማማል። በደቃቁ ተፈጭቶ እንደ እንክብል የተጨመቀው ሆፕ ዘይቱን በአንድ ቀን ውስጥ በአብዛኛው ስለሚለቅ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ ማቆየቱ ጉሮሮ የሚይዝ የቅጠል ጣዕም ከመጨመር በቀር ትርፍ የለውም። ሳምንታት መዘፍዘፍን የሚመክሩ አሮጌ መጻሕፍት የተጻፉት ሙሉ አበባ በበርሜል ውስጥ ይነከር በነበረበት ልማድ ነው።

አንድ አደጋ ለብቻው መነገር አለበት። ሆፕ የራሱ ኢንዛይሞች አሉት፤ ያልፈላ ሆፕ ቢራ ውስጥ ሲገባ እነዚህ ኢንዛይሞች እርሾው ሊበላው ያልቻለውን ዴክስትሪን የተባለ ውስብስብ ስኳር ቆራርጠው ያቀርቡለታል፣ አልቋል የተባለው መብላላትም እንደገና ይነሣል። ብራውንና ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ይህን በ1893 ጽፈውት ሳለ፣ ጠማቂዎች ነገሩን በሰፊው ያስታወሱት በቅርብ ዓመታት፣ የሆፑ መጠን ከበዛ በኋላ ነው። ቢራው በዚህ መሀል ቢታሸግ ጋዙ መውጫ አጥቶ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ብልህ ጠማቂ ሃይድሮሜትር በተባለው፣ በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ የስኳሩን መጠን በሚያሳይ የመስታወት መለኪያ ሆፑ ከገባ በኋላ በተለያዩ ቀናት ይለካል፤ ቁጥሩ መውረዱን ካላቆመ አያሽግም። ካቆመ በኋላ ቢራውን አቀዝቅዞ ዝቃጩን ያስቀምጣል፣ ከ100 እስከ 120 ግራም ስኳር በጥብጦ ቀላቅሎ በቡናማ ጠርሙስ ይሞላል፤ የጠርሙሱ ቀለም ለውበት አይደለም፣ ብርሃን የሆፑን ምሬት ሲመታው የሚከረፋ ሽታ ስለሚፈጥር ነው።

በጠላ አጠማመቅ ጌሾው ከብቅሉ ጋር በቀዝቃዛ ውሃ ተጠንስሶ ምሬቱን ያለ እሳት ስለሚለቅ፣ እናት ይህን ሁሉ ሲሰሙ የሚያስገርማቸው ቀዝቃዛው ዝፍዘፋ ሳይሆን የሰዓቱ ፍላት ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ነገሩን በተግባር ለማየት በሲያትል በሚኖሩ አበሾች ዘንድ አንድ ሐሳብ አለ፦ ከሐበሻ ሱቅ የሚገዛን የደረቀ ጌሾ ቅጠል በፔል ኤል ላይ ከካስኬድ ጋር ለሁለት ቀን መዘፍዘፍ። ጌሾው የብርቱካኑን መዓዛ ይሸፍነው ወይስ ያጎላው እንደ ሆነ የሚታወቀው ሲሞከር ነው።

የታሸገው ቢራ በቤት ሙቀት ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ መዓዛው በሳምንታት ውስጥ እየደከመ ስለሚሄድም ትኩስነቱ ሳያልፍ መጠጣት አለበት። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቢራ ስለማይቀበል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠርሙስ አልተላከም። በመልሱ ደብዳቤ ግን እናት ለአንድ ጋን ጠላ የሚያስገቡት ጌሾ ስንት እፍኝ እንደ ሆነ፣ ቅጠሉን ከእንጨቱ ለይተው የሚጨምሩበትና የሚያነሡበትም ቀን ስንተኛው እንደ ሆነ በእትዬ እጅ ቢያስጽፉ፣ ለታሰበው ሙከራ መነሻ ይሆናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር