ዴር ሡልጣንና የአክሱም ሙስሊሞች

«መቻቻል» የሚለውን ቃል ከባለሥልጣናት ንግግርና ከቱሪዝም መጽሔቶች ስሰማ ዘመን አስቆጥሬአለሁ፤ ወድጄው ግን አላውቅም። በአማርኛችን የሚቻለው ነገር ሕመም ነው፣ ችግር ነው፣ የክፉ ጎረቤት ጠባይ ነው። «ቻልሁት» የሚል ሰው ውለታ መቁጠሩ እንጂ መውደዱን መግለጹ አይደለም። የቃሉ ቅርጽ የእርስ በርስ ይምሰል እንጂ፣ ደፍሮ የሚናገረው ሁልጊዜ የበሩ ቁልፍ በእጁ ያለው ወገን ነው።

ስለ ቁልፍ ካነሣሁ ዘንድ አንባቢን ወደ ኢየሩሳሌም ልውሰደው። እኛ የኦርቶዶክስ ልጆች የአናሳነትን ጣዕም በሚገባ የምናውቀው እዚያ ነውና። ዴር ሡልጣን በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለ ገዳማችን ነው። እዚያ ወጥቼ የመነኮሳቱን ዝቅተኛ ጎጆዎች ባየሁ ጊዜ፣ ከዕንባዬ ይልቅ ቁጣዬ ቀደመ። እ.ኤ.አ. በ1838 ወረርሽኝ መነኮሳቱን ፈጀ፤ ሰነዶቻቸው ተላላፊ ናቸው ተብለው ተቃጠሉ፤ ቁልፉም ወደ ግብፆች እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1970 በትንሣኤ ሌሊት፣ ግብፆቹ በጸሎት ላይ ሳሉ፣ የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎቶች መቆለፊያ በእስራኤል ፖሊስ ከለላ ተቀየረና ቁልፉ ወደ እኛ ተመለሰ። በዓመቱ የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብፆች ይመለስ ሲል ፈረደ፤ የባለቤትነቱን ጉዳይ እንዲመረምር ግን ለመንግሥት ጊዜ ሰጠው። ምርመራው ሳይቋጭ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ግብፃዊ መነኩሴ ወንበሩን ወደ ጥላው ስላስጠጋ በተነሣው ጠብ አሥራ አንድ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። ለወንበር! ይላል የሩቅ ተመልካች። በዚያ ጣሪያ ላይ ግን ወንበር ማስጠጋት ይዞታ ማስፋት ነው።

የግብፆቹ ክርክር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ኢትዮጵያውያኑ በገዳማችን የተቀበልናቸው እንግዶች ናቸው» የሚል ነው። ይህን ስንሰማ ደማችን ይፈላል። ለዘመናት የጸለየ፣ ሙታኑን የቀበረ ሕዝብ እንዴት እንግዳ ይባላል? እንላለን፤ ደግ እንላለን።

አሁን ወደ አክሱም እንመለስ። በተማሪነቴ ዘመን አንድ የአክሱም ልጅ በአንድ ማደሪያ አብሮኝ ኖሯል፤ ሙስሊም ነው። አያት ቅድመ አያቶቹን እየቆጠረ ሁሉም በዚያችው ከተማ መወለዳቸውን ሲነግረን፣ ከመካከላችን አንዱ በቀልድ «እናንተማ የንጉሡ እንግዶች ናችሁ» አለው። ሁላችንም ሳቅን። እርሱም ፈገግ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ከተማው ሲያወራን አልሰማሁም።

«እንግዳ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው መጡ፤ የአክሱሙ ንጉሥ ተቀበላቸው፣ አሳልፎም አልሰጣቸውም። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በኋላ አንድ የአክሱም ነዋሪ የመስጊድ ቦታ ሲጠይቅ፣ ይህ ታሪክ እንደ መልስ ይሰጠዋል። የተጠየቀው መሬት፣ የተመለሰው ተረክ! በ2011 ዓ.ም. የአክሱም ሙስሊሞች ጥያቄ በአደባባይ ገንኖ በወጣ ጊዜ፣ ከካህናቱ ወገን የተሰማው ክርክር «መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን እንደማይሠራ ሁሉ አክሱምም ላይ መስጊድ አይሠራም» የሚል ነበር። የጽላተ ሙሴን መኖሪያ አክብሮ ለመጠበቅ የሚሹ ሰዎችን ስሜት አልንቅም፤ እኔም ጽዮንን ተሳልሜአለሁ። ክርክሩ ግን ራሱን በራሱ ያፈርሳል። የሃይማኖት ነፃነትን በአንቀጽ 27 የደነገገ ሕገ መንግሥት ያላት አገር መለኪያዋን ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተዋሰች፣ በነጋታው ስለ ንጉሡ ቸርነት ለዓለም ልትተርክ አትችልም።

በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ የወጣው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበር። የሰዋስው ጥያቄ ይመስላል፤ የእንግድነት ጥያቄ ነው። ደርግ በዓላቱን አወጀ፤ እንግድነቱ ግን በብዙዎቻችን አንደበት ቀረ። በ2017 ዓ.ም. እንኳ በአክሱም የሙስሊም ልጃገረዶች ሒጃብ ማድረግ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ያን ቸርነት የሚዘክረው የነጃሺ መስጊድም በ2013 ዓ.ም. በትግራዩ ጦርነት ተመትቶ ሚናራው ተጎድቷል።

ነገሩ የአንድ ከተማ ብቻ እንዳይመስል ጎንደርን ላስታውስ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በአንድ ሼክ ቀብር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር በሚዋሰን የመቃብር ቦታ፣ በድንጋይ የተነሣው ጠብ የብዙ ሰው ሕይወት አጠፋ። በቀናት ውስጥ ደግሞ በስልጤ ዞን ወራቤ፣ ክርስቲያኑ አናሳ በሆነበት፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ጎንደር ላይ ወሰን ያልከለለው ማዘጋጃ ቤት፣ ወራቤ ላይ ጥበቃ ያላቆመው አስተዳደር፣ ሁለቱም ከእሳቱ በኋላ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ስለ መቻቻል አስተማሩን። በበኩሌ አንድ የመሬት መሐንዲስ ከነመለኪያው ቀደም ብሎ ቢላክ እመርጥ ነበር። የአምልኮና የመቃብር ቦታ ጥያቄ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ከተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ ሰፍሮ ይግባኝ የሚባልበት የአስተዳደር ጉዳይ መሆን አለበት። የጎረቤት መልካም ፈቃድ ማረጋገጫ ካርታ አይሆንም።

ስለ መካ ለሚከራከሩኝ ወዳጆቼ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ የነበሩ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ተይዘው ታሰሩ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ያኔ ሁላችንም ጮኸናል። የአክሱም ሙስሊሞችም የሚጸልዩት በቤት ውስጥ እንደነበረ ግን በዚያ ጩኸት መካከል ያነሣ ሰው አልሰማሁም።