አልትራሳውንዱ ምንም የለም አለ

ወር በመጣ ቁጥር ከትምህርት ቤት የምትቀር፣ ሆዷን ይዛ አልጋ ላይ የምትንከባለል ልጅ ያላየ ቤት ጥቂት ነው። መጀመሪያ ፓናዶል ይሰጣታል። ቀጥሎ ምክር ይመጣል፦ «እኛም እንዲሁ ነበርን፤ ስትወልጂ ይተውሻል።» ምክሩ ከፍቅር ነው፤ ግን ዓመታት ይበላል።

አንድ ቀን አልትራሳውንድ ይታዘዝላታል። ውሃ ጠጥታ፣ ሽንቷን ይዛ፣ ከነፍሰ ጡሮች መሃል ተቀምጣ ተራ ትጠብቃለች። ወረቀቱ ሲወጣ ማህፀኑም ደህና፣ ኦቫሪውም ደህና። «ምንም የለም» ትባላለች። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሕመሟ ሰበብ ይሆናል።

ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚያመልጠን እዚህ ላይ ነው። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጪ፣ ኦቫሪ ላይ፣ የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ፣ አንዳንዴም አንጀትና ፊኛ ላይ ይበቅላል። ይቆጣል፣ ይደማል፤ ጠባሳው አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች 10 በመቶ ገደማ፣ ወደ 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ አለባቸው ይላል። ኦቫሪ ላይ ደም የቋጠረ ከረጢት ካለ አልትራሳውንድ ያሳያል፤ የተበታተኑትን ትናንሽ ቁስሎች ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም። ንጹሕ ወረቀት ይዞ መውጣት ንጹሕ ሆድ ይዞ መውጣት አይደለም።

ቀድሞ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በካሜራ ሆድ ውስጥ ካልታየ በቀር፣ በሽታው አለ አይባልም ነበር። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ያ ግዴታ ቀርቷል፤ ታሪኳን በደንብ ሰምቶ መድኃኒት መጀመር ይቻላል። ካሜራው እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የወሊድ መከላከያ ሆርሞን መሆኑ ነው። «ያላገባች ልጅ ምን በወጣት!» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ሆርሞኑ የታዘዘው ሕመሙን ለማብረድ ነው። ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ኦፕራሲዮንም ያሳርፋል፤ በሽታው ግን ሊመለስ ይችላል። መውለድ ደግሞ መድኃኒቱ አይደለም፤ እንዲያውም በሽታው ካለባቸው ብዙዎቹ ለማርገዝ ይቸገራሉ።

ከዚህም የባሰ ዝምታ ያለበት ሌላ ነገር አለ። በየወሩ የሚያማት፣ ደም ግን ፈጽሞ የማይፈሳት ልጅ። የድንግልናው ስስ ሽፋን ሲፈጠር ቀዳዳ ካልኖረው ደሙ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። አንዳንዴ ሆዷ ይነፋል፤ መንደሩም ወር መቁጠር ይጀምራል። ሕክምናው ሽፋኑን የሚከፍት ትንሽ ኦፕራሲዮን ነው፤ ቤተሰብ ግን «ክብሯስ?» ብሎ ሊያመነታ ይችላል። እኔ ይህን ማመንታት በምንም መንገድ አልቀበለውም። የታገደው ደም በማህፀን ቱቦ ወደ ኋላ እየፈሰሰ ያንኑ ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊያስከትል ይችላል።

ጡቷ አድጎ፣ ቁመቷ ሞልቶ፣ ሕመምም ሳይኖራት የወር አበባ የማታይም አለች። ከ5000 ሴቶች አንዷ ገደማ ያለ ማህፀን ወይም ባልዳበረ ማህፀን ትወለዳለች፤ ማየር ሮኪታንስኪ ኩስተር ሃውዘር ሲንድረም ይሉታል። ኦቫሪዎቿ ይሠራሉ፤ ሙሉ ሴት ናት። ኩላሊትም አብሮ መታየት አለበት፤ አንዳንዶቹ በአንድ ኩላሊት ነው የሚወለዱት። ስዊድን ውስጥ በ2014 እ.ኤ.አ. እንዲህ የተወለደች ሴት በተለገሰላት ማህፀን ልጅ ወልዳለች። ያ ለእኛ ሩቅ ነው። የብልት ቱቦው ካጠረ ግን ቀስ በቀስ በማለማመድ ያለ ኦፕራሲዮን ማስፋት ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ማሽን ሳይሆን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ባለሙያ ነው።

እናቶች፣ አክስቶች፣ ታላቅ እህቶች፦ 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካላየች፣ ወይም ሕመሙ በየወሩ ከትምህርቷ የሚያስቀራት ከሆነ፣ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የሚያማትን ቀን ደብተር ላይ ትጻፍና ይዛው ትሂድ። ባል እስክታገባ አትጠብቁ።