የድሪቶ ክብር

በቋንቋችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል ለነቀፋ እንጂ ለምስጋና ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ባለጸጋ በልብሱ ይኮራል፤ ድኻ ግን ድሪቶውን ይሸሽጋል። እናታችን ካረጀ ጋቢና ከተቀደደ የካኪ ሱሪ እየገጣጠሙ የሰፉልን ድሪቶ ሌሊት ከብርድ ሲያድነን ኖሮ፥ ቀን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመደቡ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይገባ ነበር። ይህ እፍረት ተገቢ ነውን? ነገሩን ለመመርመር በአሜሪካ፥ በአላባማ ወንዝ መታጠፊያ ላይ የምትገኘውን ጂዝ ቤንድ የተባለች መንደር እንመልከት።

የመንደሪቱ ሰዎች በባርነት ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች ተወላጆች ሲሆኑ፥ ጥጥ የሚያመርቱ ጭሰኞች ነበሩ። የጥጥ ዋጋ በወደቀበት ዘመን፥ በ1932 እ.ኤ.አ.፥ በዱቤ ይሰጣቸው የነበረው ነጋዴ ስለ ሞተ፥ ቤተ ሰቡ ዕዳውን ለማስከፈል ከብቱንና የእርሻውን መሣሪያ፥ እህሉንም ሳይቀር ወሰደባቸው። ሴቶቹ ግን ከቀድሞ እንደ ለመዱት የዱቄት ከረጢትና ያለቀ የሥራ ልብስ እየቀደዱ፥ በመካከሉ ጥጥ እያገቡ፥ ኩዊልት የሚባለውን የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች እናት በ1942 ባሏ በሞተ ጊዜ የሥራ ልብሶቹን ሰብስባ፥ ለመታሰቢያም ለሙቀትም እንዲሆናት አንድ ኩዊልት ሰፋች። ይህ ሥራዋ ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥዕል ቤት ይገኛል። እንግዳ እንዳያየው የሚሸሸገው ዓይነት ጨርቅ እንግዳ እንዲያየው ተሰቀለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ድሪቶ ዕዳ አይከፍልም። ብዙዎቹን ከጭሰኝነት ያወጣቸው፥ መንግሥት በ1937 መሬቱን ገዝቶ በ1940ዎቹ በብድር ለራሳቸው መሸጡ ነው። ሴቶቹም ከስፌታቸው ደኅና ገቢ ማግኘት የጀመሩት በ1966 ከአካባቢው ሴቶች ጋር የኅብረት ሥራ ማኅበር ካቋቋሙ በኋላ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በዚያም አገር እውነት ሆኖ ተገኘ።

ዛሬም ኑሮ ተወዶ ደመወዝ ከወር ወር አልደርስ ሲል፥ መርፌና ክር ይዘው የሚያመሹ እናቶች በየቤቱ አሉ። ብልኃታቸውን ማክበር ይገባናል። ነገር ግን ትዕግሥታቸውን እያመሰገኑ ችግራቸውን መርሳት ምስጋና አይደለም። መርፌው የእነርሱ ከሆነ፥ ብድሩንና ገበያውን ማመቻቸት በጽሕፈት ቤት የተቀመጥነው የእኛ ፋንታ ነው።