አንገቱ የተቀየረው ጊታር

ጓደኛዬ ደወለና «ካቻቢቴህን ይዘህ ና» አለኝ። ቤታቸው ሳሪስ ነው። ባለሙያ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ጊታር እጫወታለሁ፤ በሰፈሩ የታወቅኩት ግን በመጫወቴ ሳይሆን ጊታር በመፈታታቴ ነው። (የባንዳችን ልጆች ይቺን ሲያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ።)

የጓደኛዬ አባት፣ ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በደርግ ጊዜ ሆቴል ቤት ጊታር ይጫወቱ ነበር። ከሞቱ በኋላ ጊታራቸው አልጋ ሥር ተኝቶ ኖረ። በቅርቡ ከዋሽንግተን የመጣ አንድ ሰው «እውነተኛ የስልሳዎቹ ፌንደር ስትራቶካስተር ከሆነ እገዛዋለሁ» ብሎ ሄደ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛዬ እንቅልፍ የለውም። የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ይጠብቃል። እኔ የተጠራሁት አይቼው «ኦሪጅናል ነው» እንድል ነው። «አየው» ሳይሆን «ኦሪጅናል ነው በል» መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ኦሪጅናል የምትለዋን ቃል እኛ ከተማ ውስጥ ጫማውም፣ ስልኩም፣ ቅቤውም ተሸክሟታል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ግን ክብደቷን ያውቃል፤ ሊብሬውን ይዞ፣ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር አንድ በአንድ ያመሳክራል። ጊታር ሊብሬ የለውም። ፌንደር በዚያ ዘመን ቁጥሩን የሚመታው ከጀርባ፣ አንገቱን የሚይዙት አራት ቪቶች በሚያልፉባት የብረት ሳህን ላይ ነበር። ሳህኗ ደግሞ በካቻቢቴ ትፈታለች። ከአንዱ ፈትቶ ሌላው ላይ መግጠም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቁጥሯን አየሁና አለፍኳት።

ፊቱን የሸፈነውን ፕላስቲክ አነሳሁት። የቮሊዩም ቁልፉ ጀርባ ላይ 304 6418 የሚል ተመትቷል። 304 የሠራው ፋብሪካ መለያ ነው፤ 64 ዓመቱ፣ 18 ሳምንቱ። ይሄ የቁልፏ የልደት ቀን እንጂ የጊታሩ አይደለም፤ ጊታሩ ግን ከ1964 በፊት ሊሆን አይችልም። የካውያ እጅ የነካው ሽቦ የለም፣ ቀለሙም ክንድ በሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ እስኪታይ ተበልቷል። ጓደኛዬ ፊቴን እያየ ፈገግ አለ።

ቀና ብዬ የጊታሩን ራስ ሳየው ግን ደነገጥኩ። ትልቅ ነው። ፌንደር ኩባንያው በ1965 ለሲቢኤስ ከተሸጠ በኋላ ነው የስትራቶካስተርን ራስ ያሰፋው። የ64 ሆድና የሰፊው ዘመን ራስ አንድ ቀን ከፋብሪካ አይወጡም። አራቱን ቪት ፈታሁ። አንገቱ ተረከዝ ላይ የእርሳስም የማህተምም ቀን የለም። በዚያ ፈንታ በእንጨት ተደፍነው ጎናቸው አዲስ የተበሱ አራት ቀዳዳዎች አሉ፤ ይሄ አንገት ሌላ ሆድ ላይ ኖሮ የመጣ ነው። የፋብሪካው ስም ተፍቋል። እንደ እኔ የጃፓን ሥራ ነው።

ሜትር አስመጥቼ ለካሁ። ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት 32.4 ሳንቲሜትር፤ ከዚያ እስከ ብሪጁም ያንኑ ያህል። እዚህ ላይ ነው የቸኮለ ጠጋኝ የሚጋለጠው፤ እነዚህ ሁለቱ ካልተስተካከሉ ጊታሩ ከላይ ሲይዙት ቅኝቱን ይስታል። ይሄ አይስትም። የገጠመው ሰው ጆሮ ነበረው።

አንገቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ፣ ከፍታውን ለማስተካከል የገባች ትንሽ ካርቶን ነበረች። በጥፍሬ አነሳኋት። የኒያላ ሲጋራ ፓኮ ቁራጭ ናት።

እስካሁን በር ላይ ቆመው ዝም ብለው ሲያዩን የነበሩት እማማ መጥተው ከእጄ ወሰዷት። «ኒያላ ነበር የሚያጨሰው» አሉ።

ከዚያ ነገሩን። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ነው። ማታ ሆቴል የገባ ሙዚቀኛም ሆነ ጠጪ ሳይነጋ አይወጣም፤ ዋልያዎች ሂልተን፣ ሌሎቹም በየሆቴላቸው ሌሊቱን ሲጫወቱ የሚያነጉበት ጊዜ። አንድ ንጋት ላይ ዕቃ ሲጫን ጊታሩ ወደቀና አንገቱ ተሰበረ። አዲስ ማስገባት የማይታሰብ ነበር። አገር ጥሎ ሊወጣ የተዘጋጀ ሙዚቀኛ ዘንድ የተጎዳ ጊታር ተገኘ፤ ጋሼ የሱፍ ካፖርታቸውን ሰጥተው አንገቱን አመጡ። «ያን ክረምት በሹራብ ነው የከረመው፣ ልጄ» አሉኝ።

ጓደኛዬ ይሄን ታሪክ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ፎቶ አመጡልን። ጋሼ መድረክ ላይ፣ ሱሪያቸው ከታች ሰፊ፣ የጊታሩም ራስ ሰፊ። ግራ እጃቸው ያን አንገት ይዟል። አሁን እኔ የያዝኩት አንገት ፍሬቶቹ፣ በተለይ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው፣ እንደ ቦይ ተቦርቡረዋል። ሰብስቤ ሳስበው የጋሼ ጣት በብዛት ያረፈበት ክፍል ይሄ ኦሪጅናል ያልሆነው ነው።

ማታ ጓደኛዬ ለብቻዬ ያዘኝ። አንድ ወዳጁ የፌንደርን ስም ተለጣፊ አሳትሞ ሊለጥፍለት ይችላል። «ማን ያውቃል? ታሪኩን እንደሆነ ካንተና ከእናቴ ሌላ የሰማ የለም።» የኮንዶሚኒየሙን ነገር አነሳ። እውነት ለመናገር ትንሽ ተወዛወዝኩ። አንገቱ ተቀይሯል ማለት ዋጋውን በእጄ መቁረጥ ነው። ደግሞ ሊዮ ፌንደር ራሱ ጊብሰን በሙጫ የሚያጣብቀውን አንገት በቪት ያሰረው ሲበላሽ በቀላሉ እንዲለወጥ ብሎ አይደል እንዴ? ኤሪክ ክላፕተን በ1970 ከገዛቸው ያገለገሉ ስትራቶካስተሮች ሦስቱን ፈታትቶ ነው «ብላኪ»ን የገጣጠመው፤ እሷም በ2004 ጨረታ ላይ 959,500 ዶላር ወጣባት። ግን የክላፕተንን ሻጮች ልብ በሉ፤ ጊታሯ ከሦስት የተገጣጠመች መሆኗን አልደበቁም። የጋሼን ስም ደግሞ ኒውዮርክ ማን ያውቀዋል?

አንድ ወረቀት ላይ ያየሁትን ጻፍኩ። ሆዱና የውስጥ ሽቦው የ1964 ይመስላል፣ አንገቱ በደርግ ጊዜ ተቀይሯል፣ በዚህ ምክንያት። ጓደኛዬ ሁለት ቀን አላናገረኝም።

ሰውየው እሁድ መጣ። ወረቀቱን አነበበ፣ ቁልፏን አየ፣ መጀመሪያ ካሰበው ግማሹን እንደሚከፍል ተናገረ። ቀጥሎ የተናገረውን ማናችንም አልጠበቅንም። «አንገቱን አልፈልገውም። የ64 አንገት አሜሪካ ፈልጌ እገጥምለታለሁ።» ሁለት ተገናኝተው የማያውቁ ጊታሮች ተጣምረው ሊመሳከሩ ነው፤ በእሱ ዓይን ያኔ ነው ወደ ኦሪጅናሉ የሚቀርበው። ሳህኗንም ይፈልጋታል፣ ቁጥር አላት።

እማማ እንደ መገላገል ያለ ነገር ፊታቸው ላይ መጣ። «እንግዲያው ሆዱን ይውሰድ» አሉ።

ገንዘቡ ቅድመ ክፍያውን አልሞላም፤ ቀሪውን ጓደኛዬ በእቁብ እየፈለገ ነው። ካቻቢቴውን አንስቼ ለሁለተኛ ጊዜ ፈታሁት። ሆዱ ከነሳህኗ ሻንጣ ውስጥ ገባ። አንገቱ አሁን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ከፎቶው ሥር ተሰቅሏል። የኒያላዋን ካርቶን ሰውየው «ይቺስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ እማማ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋት ወደ ጓዳ ገቡ።