ስላልገዛነው ነው

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ክርና ስለ ኪሮሽ ነው። ወንድሞች፣ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ። ነገሩ ወደ እናንተም ስልክ መምጣቱ አይቀርም።

ኪሮሽ መያዝ የጀመርኩት በስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ ዳንቴል ሠርታ ትሸጥ ነበር፤ የሶፋ፣ የጠረጴዛ፣ የቴሌቪዥን። ንድፍ የሚባል ወረቀት አታውቅም። ጎረቤት ቡና ስትጠራት ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተተከለ ይቀራል። እያንዳንዷን ቋጠሮ “ዐይን” ትላታለች፤ ዐይኖቹን በልቧ ቆጥራ ቤት ስትመለስ ትጀምረዋለች። ሲበላሽባት ትፈታዋለች፣ ደግማ ትቆጥራለች። የእሷን መማር ለምትፈልግ ደግሞ አጠገቧ አስቀምጣ ታሳያታለች።

እኔ ካደግሁ በኋላ ራቨልሪ የሚባለውን የሹራብና የኪሮሽ ሠሪዎች ማኅበረሰብ በኢንተርኔት አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ባለትዳሮች የጀመሩት ነው፤ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አባላት አሉት። አባል ለመሆን አይከፈልም። ንድፍ አውጪዎች ሥራቸውን እዚያ ያኖራሉ፤ አንዳንዱ በነፃ ነው፣ አንዳንዱ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። የገዛችሁት ንድፍ በስማችሁ በተከፈተ መደርደሪያ ይቀመጥላችኋል። ንድፍ አውጪዋ ስሕተት አግኝታ ካረመች፣ የታረመው ለገዙት ሁሉ ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠየቁ ይደርሳቸዋል። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

እዚያ ቤት በጣም የወደድኩት ሰዎች የተበላሸባቸውንም ማሳየታቸውን ነው። ማን በምን ክር፣ በስንት ሚሊ ሜትር ኪሮሽ እንደ ሠራ፣ የት እንደ ተሳሳተ ከነፎቶው ይጽፋል። የተሠራን ሥራ መልሶ መፍታትን ከእንቁራሪት ጋር ያያይዙታል። በእንግሊዝኛ “ሪፕ ኢት” ማለት “ተርትረው” ማለት ነው፤ ሲደጋግሙት የእንቁራሪት ጩኸት ይመስላል። እንዲህ እየሳቁ የሁለት ሳምንት ሥራ ይፈታሉ።

ብዙም ተማርኩ። አንድ ጊዜ የእንግሊዞች ንድፍ ይዤ ጠርዙ አልገጥም ብሎኝ ስቸገር፣ የማላውቃት ሴት አሜሪካኖች “ነጠላ” የሚሉትን እንግሊዞች “ድርብ” እንደሚሉት በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሹራብ ከመጀመሬ በፊት 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነች የመሞከሪያ ቁራጭ መሥራትንም የተማርኩት ከእነሱ ነው። ንድፉ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 20 ዐይን ሲል የእኔ እጅ ጠበቅ አድርጎ 22 ቢሠራ፣ 100 ሳንቲ ሜትር ሊሆን የታሰበው ሹራብ 91 ገደማ ሆኖ ይቀራል። በአንዲት ትንሽ ቁራጭ ላይ ሁለት ዐይን ምንም አይመስልም። ሹራቡ አልቆ ሲለበስ ግን ደረት ላይ አልዘጋ ይላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በቤተ ክርስቲያናችን ዐሥራ አራት ልጃገረዶች አስተምራለሁ። አንድ ዓመት በክረምቱ የሕፃን ብርድ ልብስ በኪሮሽ ሠርተን በጳጉሜን ባዛር ልንሸጥ ተስማማን። ገንዘቡ ደብተርና ቦርሳ መግዛት ለማይችሉ ተማሪዎች እንዲሆን ነበር። ደስ የሚል ንድፍ አገኘሁ፤ ዋጋው 6 ዶላር። ከአዲስ አበባ ሆኖ በውጭ ገንዘብ መክፈል ለእኔ ቀላል ስላልነበረ፣ ዴንቨር ያለችው እህቴ በስሟ ገዝታ ላከችልኝ። ስምንት ገጽ ነው። ሰፈራችን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ለዐሥራ አራቱም 112 ገጽ አስደረግሁ። ለኮፒው ከፈልኩ። ለሥራው ግን የተከፈለው የአንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህ በጊዜው ትዝም አላለኝም።

በዚያም አላበቃሁም። “ሌሎችም ይጠቀሙበት” ብዬ ፋይሉን በኅብረታችን የቴሌግራም ቻናል ላይ ለቀቅሁት። ከሥሩም “ጌታ ይባርካችሁ፣ ተጠቀሙበት” ብዬ ጻፍኩ።

ሥራው ተጀመረ። እስከ ረድፍ 30 ድረስ እንዴት ያምር ነበር! ረድፍ 31 ላይ ግን የሁሉም ብርድ ልብስ ወደ ግራ መንጋደድ ጀመረ። ፈትተው ሠሩት፤ እንደገና ተንጋደደ። ሦስተኛ ጊዜ ሲፈቱት አንዷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ “ቲቸር፣ መቁጠር የማልችለው እኔ ነኝ?” አለችኝ። እኔም ሠርቼ አየሁት፤ የእኔም ተንጋደደ።

ለንድፍ አውጪዋ ጻፍኩላት። በማግሥቱ መለሰች። ንድፏን ስለ ገዛሁ አመሰገነችኝ። ከዚያም በረድፍ 31 ላይ የቁጥር ስሕተት እንደ ነበረ፣ ከአራት ወር በፊት እንዳረመችው፣ አዲሱን ከመደርደሪያዬ ማውረድ እንደምችል ነገረችኝ። እህቴ ከፍታ ስታየው እውነትም የታረመው ተቀምጧል፤ መልእክቱ ደርሷት ሳታስተውለው ቀርታለች።

እሑድ ከትምህርት በኋላ ለልጆቹ የምሥራቹን ነገርኳቸው። “ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ንድፉ ላይ ስሕተት ነበረ። የታረመው ለገዙት ሁሉ ተልኮላቸዋል።”

ያቺ እንባ ያቀረረችው ልጅ “ታዲያ ለእኛ ለምን አልደረሰንም?” አለች።

“ስላልገዛነው ነው” አልኳት።

ቃሉን ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። ልጆቹም ሰሙት። ገና ከሁለት ሳምንት በፊት “አትስረቅ” የሚለውን ትእዛዝ አስተምሬያቸው ነበር። ስለ ሐሰተኛ ሚዛን፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ስለ ፈተና መኮረጅ ምሳሌ ሳበዛ ነበር። ስለ እነዚያ 112 ገጾች ግን አንድም ቃል አልወጣኝም። ወረቀቶቹ ግን በእያንዳንዷ ቦርሳ ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ጋር ተቀምጠው ነበር።

ያን ሌሊት አንድ የልጅነት ነገር ትዝ አለኝ። አንዲት ደንበኛ እናቴን ሙሉ የሳሎን ዳንቴል አሠርታ በዱቤ ወሰደች። እናቴ ሦስት ወር በኩራዝ ጭምር የደከመችበት ነው። ሴትየዋ ብትጠበቅ አልመጣ አለች። በመጨረሻ እናቴ ይዛኝ ቤቷ ሄደች። ዳንቴሉ ሶፋው ላይ ተነጥፏል። ሴትየዋ ሳቅ ብላ “ውይ አንቺ ደግሞ፣ ከክሩ ሌላ ምን ወጣብሽ? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የሠራሽው አይደል?” አለቻት። እናቴ አልተከራከረችም። በመንገድ ስንመለስ ግን እጄን ይዛ የነበረችው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወገኖች፣ እኔ ያቺን ሴት ለሃያ አምስት ዓመት ስፈርድባት ኖሬያለሁ። ያን ሌሊት ከእሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። እኔም በልቤ ያልኩት “ፋይል ነው፤ ምን ይወጣባታል?” ነበር። እሷ ቢያንስ የወሰደችው አንድ ዳንቴል ነው። እኔ አባዝቼ አደልኩ፤ በዚያ ላይ በጌታ ስም መረቅሁበት።

በማግሥቱ ለንድፍ አውጪዋ ሁሉንም ጻፍኩላት። ዐሥራ አራት ኮፒ በ6 ዶላር 84 ዶላር ነው፤ ለእኔ ከወር ደመወዜ ግማሽ በላይ። “ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ” አልኳት። ዐሥር ቀን ዝም አለች። እነዚያ ቀናት ረጅም ነበሩ። ስትመልስ ቃሏ አጭርና ግልጽ ነበር። ንድፉን ለማውጣት ሰባት ወር እንደ ፈጀባት፣ ከመሸጡ በፊት ሰዎች ሠርተው እንደ ሞከሩላት፣ የቤት ኪራይዋን የምትከፍለው በዚህ ሥራ እንደ ሆነ ጻፈችልኝ። ሥራዋ በየቦታው ሲበተን ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ደፍሮ የጻፈላት ግን አልነበረም። ለልጆቹ ዋጋውን በግማሽ አደረገችልን። አንድ ነገር ግን ለመነችኝ፦ ፋይሉን ከቻናሉ እንዳነሣው።

ወዲያው አነሣሁት። ግን ያን ጊዜ 400 የሚያህል ሰው አይቶት ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ በማላውቀው ሌላ ቻናል ላይ አገኘሁት። ስሕተቱ እንዳለ ነው። ከሥሩም የእኔ ቃል እንደ ተጻፈ አለ፦ “ጌታ ይባርካችሁ፣ ተጠቀሙበት።” ለቻናሉ ባለቤት ጻፍኩለት፤ መልስ አልሰጠኝም። ዛሬም እዚያ ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ ይህን አምናለሁ። የለቀቅሁት ነገር ግን ስለ ተናዘዝኩ ተመልሶ አልተሰበሰበም።

ለልጆቹም ነገርኳቸው። ሁሉም ወዲያው አልተስማሙም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። አንዷ “ቲቸር፣ እነሱ እኮ ሀብታሞች ናቸው። 6 ዶላር ለእነሱ የቡና ነው፤ ለእኛ ግን የሳምንት ትራንስፖርት ነው” አለች። ሌላዋ ደግሞ ቀጠለች፦ “የእርስዎ እናትስ ከጎረቤት ዳንቴል አይተው ይሠሩ አልነበረም?” ጥያቄው ጠንካራ ነው። ማሰብ ነበረብኝ።

የመለስኩላቸው ይህን ነው። እናቴ በዓይኗ ቆጥራ፣ በእጇ ደክማ፣ ከምታሳያት ጎረቤት ተማረች፤ ራሷም ለሌላዋ አሳየች። በዚያ መካከል ሥራዋ የተነጠቀባት ሴት የለችም። እኛ ግን አንዲት ሴት ቆጥራ፣ ጽፋ፣ ዋጋ ያወጣችበትን ነገር ሳናስፈቅድ አባዛን። ድህነታችን እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ቦታ ባለቤቶቻቸው ወድደው በነፃ የሰጧቸው በሺህ የሚቆጠሩ ንድፎች ነበሩ። የተከፈተ በር እያለ በመስኮት የገባነው ያኛው ስላማረን ነው።

ዳዊት መሠዊያ ሊሠራ ወደ ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማ በሄደ ጊዜ፣ ኦርና አውድማውንም በሬዎቹንም በነፃ ሊሰጠው ፈልጎ ነበር። ዳዊት ግን ምንም ያላወጣበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብ አልወደደም፤ 50 ሰቅል ብር ከፍሎ ገዛው። ታሪኩ በ2ኛ ሳሙኤል 24 ይገኛል። አስቡት፤ ባለቤቱ “ውሰድ” እያለው ነው የከፈለው። እኛ ባለቤቷ ሳታውቅ ወስደን ለድሆች ልንሰጥ፣ “ለጌታ ነው” ልንል ነበር።

የባዛሩን ገንዘብ አልነካንም፤ ለተማሪዎቹ ቃል የገባነው ነው። ልጆቹ ግን ራሳቸው አንድ መላ አመጡ። ከነፃዎቹ አንድ የሕፃን ኮፍያ ንድፍ መረጡ፤ ባለቤቱ የተሠራው እንዲሸጥ መፍቀዱን አነበብን። እያንዳንዷ አንድ አንድ ኮፍያ ሠርታ ሸጠች። የጎደለውን እኔ ሞላሁ። 42 ዶላሩ በእህቴ በኩል ተከፈለ፤ ንድፉም ለየአንዳንዷ በስሟ ተላከላት። አሮጌዎቹን ወረቀቶች ሰብስበን ቀደድናቸው። ረድፍ 31ን እንደገና ሠራን። አልተንጋደደም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ስልካችሁን አውጡ። ያልተከፈለበት የመጽሐፍ ፒዲኤፍ አለበት? አንድ ዘማሪ ስቱዲዮ ከፍሎ ያሳተመው፣ እናንተ ግን ከቻናል ያወረዳችሁት አልበም አለ? ለስብከት ስትዘጋጁ እንኳ የምትጠቀሙበት፣ ደራሲው በብድር ያሳተመው መጽሐፍ አለ? ልኮንናችሁ አልጻፍኩም፤ በዚህ ነገር ከእናንተ የቀደምኩ እኔ ነኝ። ነገር ግን “ምን ይወጣበታል?” የምትለዋ ቃል በልባችሁ ስትመጣ፣ አንድ ቦታ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዳለ አስቡ። መግዛት የምትችሉትን ግዙ። የማትችሉትን ተዋሱ፣ ባለቤቱን ጠይቁ፣ በነፃ የተሰጠውን ፈልጉ። ያባዛችሁት ካለም ዛሬ አንሡት፤ ነገ ከእጃችሁ ይወጣል።

ባለፈው ወር እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዷ ልጅ ስልኳን ከፍ አድርጋ እየሮጠች መጣች። ንድፍ አውጪዋ በጠርዙ ላይ ትንሽ ማስተካከያ አድርጋ ነበር፤ መልእክቱ ለዐሥራ አራቱም ደርሷል።

“ቲቸር፣ ለእኔም መጣልኝ!” አለችኝ። ረድፍ 31 ላይ እንባ ያቀረረችው ልጅ ናት።