ሞርሲቶ የደረሰው ፎቶ

የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ያሆዴ ሲደርስ ወደ ሞርሲቶ ስንጓዝ ከያዝነው ዕቃ ሁሉ ያሳሰበኝ አንዲት ፍላሽ ነበረች። የባለቤቴ ወንድም ከደቡብ አፍሪካ የላካቸው ፎቶዎች ያሉት እሷ ውስጥ ነው። እንደ ብዙዎቹ የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች እሱም ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ እዚያው ወልዷል። አማቴ የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት በሰው ስልክ፣ ያውም ኔትወርክ ሲፈቅድ ነው። ዓይናቸውም ደክሟል። «በወረቀት አምጡልኝ» አሉ።

ሆሳዕና ወርደን አንድ ፎቶ ቤት አሳጠብን። ባለሙያው ዛሬም የሚሠራው በፒካሳ ነው። ጎግል ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2016 ቢያቆመውም ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህ ደግሞ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በ10 በ15 አወጣልን፤ እኛም በቅጡ ሳናየው ፖስታ ውስጥ ከትተን ሞርሲቶ ገባን።

አማቴ ከጓሮው እንሰት መሀል ብቅ ብለው ተቀበሉን። ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አታካና ቀርቦ ገና ሳይበርድ ፎቶውን ሰጠኋቸው። ሕፃኑን አይተው ሳሙት። ከዚያ ጠርዙን በጣታቸው ነካ አድርገው «አባቱስ?» አሉ።

ጫፍ ላይ የቆመው ልጃቸው የለም። የቀረው ሕፃኑን የደገፈ እጁ ብቻ ነው። ቤቱ ጸጥ አለ።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ። በስልክ ቁሞ የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ 3 በ4 ነው፣ የፎቶው ወረቀት ግን 2 በ3። ፕሮግራሙ ወረቀቱን ልሙላ ሲል ከግራና ከቀኝ ይቆርጣል፤ ከመቶ 11 እጅ ያህል ይሄዳል። «ቆርጠህ ሙላ» የሚለውን ትቶ «አሳንሰህ አግባ» የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ነጭ ጠርዝ ይተርፋል እንጂ ሰው አይጎድልም።

በማግስቱ ሆሳዕና ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት ወንድማችን ያንኑ ፎቶ በቴሌግራም «ፋይል» አድርጎ እንደገና እንዲልክልኝ ነገርኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል። ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ ህትመት 1200 በ1800 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። ባለሙያውም ገንዘብ አልቀበልም አለኝ፤ በግድ ሰጠሁት።

አዲሱን ከአማቼ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጎን ሰቀልነው። የተቆረጠውን ልጥል ስል አማቴ ከእጄ ቀሙኝ።

«እጁ አለበት» አሉ።