ማንኪያዋ ስትወርድ

የዓሣ ማጥመጃ ማንኪያ እውነተኛ ማንኪያ ትመስላለች፤ የሌላት እጀታ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ጎድጎድ፣ በሌላው በኩል ጎበጥ ያለች ብልጭልጭ ብረት ናት። ከላይ ክር፣ ከታች መንጠቆ ይታሰርባታል። ትል የለባትም፣ ሽታ የላትም፣ የሚበላ ነገርም የላትም። ሆኖም እዚህ ቴክሳስ ውስጥ፣ ብዙዎቻችን ከምንኖርባት ከጋርላንድ አጠገብ ባለው በሬይ ሀባርድ ሐይቅ፣ ባስ የተባለውን ዓሣ ለመያዝ እንደ እርሷ የምወደው መሣሪያ የለም። ከወጣቶች ኅብረታችን መካከል «ዓሣ ማጥመድ ያሰለቻል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ስለዚህች ማንኪያና በእርሷ ምክንያት ስላየሁት አንድ ነገር ልጻፍላችሁ።

ታሪኳ እንዲህ ይተረካል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ጁሊዮ ቡዌል የተባለ የቬርሞንት ልጅ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሆኖ ምሳውን ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አምልጦ ውሃ ውስጥ ገባ። እያብለጨለጨ ወደ ታች ሲወርድ አንድ ትልቅ ዓሣ ድንገት መጥቶ ላፍ አደረገው። ልጁም ቤቱ ሄዶ የማንኪያ እጀታ ቆረጠና መንጠቆ አበጀለት ይባላል። ታሪኩ ሲወራ ሲወራ ትንሽ ተጨማምሮበት ይሆናል። ቡዌል ግን በእርግጥ የኖረ ሰው ነው፤ በ1852 ለማጥመጃው የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ ዓሣው ማንኪያውን ሲይዘው ማንም እየጎተተው አልነበረም። እየወደቀ ነበር።

ምክንያቱ በባስ ጠባይ ውስጥ ይገኛል። በጥቅምትና በኅዳር ውሃው መቀዝቀዝ ሲጀምር ሻድ የሚባሉ ብርማ ትንንሽ ዓሦች በመንጋ ሆነው ጅረቶች ወደ ሐይቁ ወደሚገቡባቸው ጠባብ ቦታዎች ይጓዛሉ። ባስም ይከተላቸዋል። ባስ ግን ረጅም ሩጫ አይወድም። ድንጋይ ወይም ግንድ ሥር አድፍጦ ደካማውን ይጠብቃል። የተጎዳ ሻድ ቀጥ ብሎ መዋኘት አይችልም፤ ወደ ጎን እየተገለበጠ፣ ሆዱ እያብለጨለጨ ይሰምጣል። ማንኪያዋም ስትወርድ ውሃው ጎድጓዳውን ጎኗን እየገፋ ወዲያና ወዲህ ያንገዳግዳታል። ውሃው ደፍርሶ ባይታያት እንኳ ባስ በጎንና በጎኑ በተዘረጋው ስሜት ተቀባይ መስመር እንቅስቃሴዋን ያውቃል።

አጣጣሏ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ትፈልጋለች። 21 ግራም ያህል የምትመዝን ማንኪያ ውሰዱ። ስትወርድ ስለምትሽከረከር ክሩ እንዳይጠማዘዝ ከማንኪያዋ በላይ የምትዞር ትንሽ ማያያዣ ብረት እሰሩ። ወርውሩና ውሃውን ከነካችበት ጊዜ ጀምሮ በዝግታ ቁጠሩ። ሰባት ስትሉ ክሩ ከላላ መሬት ነክታለች ማለት ነው። ከዚያ ዘንጉን ቀና አድርጋችሁ ወደ አንድ ሜትር ያህል አንሷት፤ ወዲያው የዘንጉን ጫፍ ከእርሷ ጋር እያወረዳችሁ ተከተሏት። ዋናው ነገር ይህ መከተል ነው። ክሩን ወጥራችሁ ከያዛችሁት ማንኪያዋ መንገዳገዷን ትታ ወደ እናንተ ትሳባለች። ጨርሳችሁ ከለቀቃችሁት ደግሞ ዓሣው ይዞ ቢተፋትም አታውቁም። በጣም ያልተወጠረ፣ በጣም ያልላላ መሆን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ባስ የሚይዘው ስትነሳ ሳይሆን ስትወርድ ነው። ሰባት ላይ መሬት የምትነካው ማንኪያ አራት ላይ ከቆመች አንድ ነገር ይዟታል።

ይህን ሳስረዳ አንዲት እህት፣ «ታዲያ ይህ ማታለል አይደለም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ወድጄዋለሁ። አዎን፣ ዓሣው ይታለላል። ስለዚህ ይህችን ማንኪያ የወንጌል አገልግሎት ምሳሌ አላደርጋትም። ጌታ ከገሊላ ባሕር ዳር የጠራቸው ዓሣ አጥማጆች መረብ ይጥሉ የነበሩ ናቸው። ሰውን በብልጭልጭ ወደ ቤተ ክርስቲያን ብንስበው፣ በነከሰ ጊዜ ብረት መሆኑን ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን እንጀራ ብናቀርብለትም ይጠራጠረናል። ምሳሌ ካስፈለገን ባሱ ይሻለናል፦ ሳይሮጥ የሚገኝ፣ እያበራ የሚመጣ ነገር ሁሉ ምግብ አይደለም። ከዚህ በላይ ስብከት አላወጣም፤ ወደ አየሁት ነገር ልመለስ።

ከተማሪዎቼ አንዱ 16 ዓመቱ ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አባቱ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራሉ። እርሳቸው ሲገቡ እርሱ ይወጣል፤ እርሱ ሲገባ እርሳቸው ተኝተዋል። ተጣልተው አያውቁም፤ የሚነጋገሩበት ነገር ግን አልቆባቸው ነበር። እናቱ አንድ ቀን፣ «በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ናቸው፤ እባክህ ጸልይልን» አለችኝ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አምስት ወጣቶች ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አባትየው ልጃቸውን ሊያደርሱ መጥተው ነበር። ከሥራ መውጣታቸው ስለነበር ዓይናቸው ቀልቷል። ወዲያው ይመለሳሉ ብዬ ስጠብቅ መኪናቸውን አቁመው ወረዱ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይሞክሩ እንጂ» አልኳቸው።

«እኔ ያደግሁት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። ዓሣን የማውቀው በመረብ ነው፤ ማንኪያን ደግሞ ስበላበት» አሉና ሳቁ።

ከዚያ ዝም ብለው ልጃቸውን ይመለከቱ ጀመር። ልጁ ይወረውራል፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ይቆጥራል፣ ያነሳል፣ ያወርዳል። ይህን ያህል ተረጋግቶ አንድ ሥራ ሲሠራ ያዩት አይመስለኝም። ጥቂት ቆይተው ወደ እርሱ ሄዱና፣ «እስቲ አሳየኝ» አሉት።

ልጁ ያልሰማ ይመስል ዞር ብሎ አያቸው። አባት ልጁን «አሳየኝ» ብሎ ሲለምን መስማት በእኛ ቤት የተለመደ አይደለም። ከዚያ፣ «አባዬ፣ መጀመሪያ ፈቃድ ያስፈልግሃል» አለና ስልካቸውን ተቀብሎ የአንድ ቀን የማጥመድ ፈቃድ ገዛላቸው። በቴክሳስ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ አዋቂ ግን ግዴታው ነው። ዘንጉንም ሰጣቸው።

አባትየው እንደ መረብ ነበር የሚጎትቱት። ክንዳቸው ብርቱ ነው፤ ማንኪያዋ ውሃው ላይ እየዘለለች ትመጣለች። ልጁ ቃል ሲፈልግ ቆየ። በመጨረሻ እጁን በእጃቸው ላይ አድርጎ፣ «አባዬ፣ ላላ አድርገው፤ ግን አትልቀቀው» አላቸው፤ በአማርኛ። ደግመው ወረወሩ። አብረው ጮክ ብለው ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ቆመ!» አለ ልጁ። «አሁን! አሁን ሳበው!»

የወጣው አፈ ሰፊው ባስ ነበር፤ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር አለው፣ አፉ ሲከፈት ጡጫ ያስገባል። ልጁ እጁን አርሶ የታችኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ያዘና መለኪያው ላይ አጋደመው። 13 ኢንች ሆነ። በክልሉ አጠቃላይ ደንብ ሰው ሊወስደው የሚፈቀደው ይህ ዓሣ ከ14 ኢንች የማያንስ ነው፤ በቀንም ከአምስት አይበልጥም።

«ይህማ ለሦስታችን ይበቃል» አሉ አባትየው።

«አይሆንም አባዬ፣ አንድ ኢንች ይጎድለዋል።»

«የያዝከውን ምግብ መልሰህ ትጥላለህ?» ብለው ዙሪያውን አዩ። ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ልጁ መልስ አልሰጠም፤ ዓሣውን እንደያዘ ብቻ ያያቸዋል። ጥቂት ቆዩና፣ «ሕጉ ካለ አለ ነው። ስጠኝ» ብለው ተቀበሉት። ጎንበስ ብለው ውሃ ውስጥ ያዙት፤ ዓሣው ጅራቱን አወናጨፈና ሄደ። ልጁ ከዓሣው ይልቅ አባቱን ነበር የሚያየው።

ተጨማሪ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ነጭ ባስ የሚባለውን ሁለት ያዙ፤ ስሙ ባስ ቢሆንም ከአፈ ሰፊው ጋር አንድ ቤተሰብ አይደለም፤ ለእርሱ የሚፈቀደው ከ10 ኢንች ጀምሮ ስለሆነ ወደ ቤት ይዘውት ሄዱ። እናትየው በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ አግኝታኝ፣ «ዓሣውን ማን ይጠብ እያሉ ሲከራከሩ አመሹ» አለችኝ። ስትነግረኝ ክርክሩ እንደ ምሥራች ነበር።

አንድ ቅዳሜ የቤተሰብን ዝምታ ሁሉ አይሰብርም። አባትየው ዛሬም ሌሊት ይሠራሉ፤ ልጁም ዛሬም በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ነገር ግን አባት ከልጁ ሊማር እንደሚችል፣ ልጅም በትሕትና ሊያስተምር እንደሚችል ሁለቱም አይተዋል። ይህን ያየ ሰው እንዳላየ መሆን አይችልም።

እናንተ በዚህ አገር ወላጆቻችሁ የማያውቁትን ብዙ ነገር ታውቃላችሁ። ስልኩን፣ ደንቡን፣ ቋንቋውን ስታሳዩአቸው ትንፋሻችሁ እያጠረ፣ ፊታችሁ እየተኮሳተረ ከሆነ ዳግመኛ አይጠይቋችሁም። «አሳየኝ» ማለት ለእነርሱ ቀላል ቃል አይደለም። ያን ቃል በሰማችሁ ቀን የያዛችሁትን አስቀምጡና እጃችሁን በእጃቸው ላይ አድርጉ።

ወደ ሐይቁ ስትወርዱም መንጠቆ የምታወጡበት ጉጠት፣ ዓሣ የምትለኩበት መለኪያና ሁለት ሦስት ማንኪያ ያዙ፤ አንዷ ድንጋይ ሥር መቅረቷ አይቀርም። ደግሞም አንድ ትርፍ ዘንግ ያዙ።